ከግርጌ እስከ ዋንጫ፦ ተራ ብቻውን ቡድን አይሠራም

ተራኪ፦ በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ የ2016–17 የውድድር ዘመን ሲያበቃ ከሁሉም በታች የተገኘው ኮሎራዶ አቫላንሽ ነበር። ካደረጋቸው 82 ጨዋታዎች ያሸነፈው 22ቱን ብቻ ነው፤ የሰበሰበው ነጥብ 48 ነው። ዓመታቱን የምንጠራው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። እንዲህ ያለ ቡድን በሊጉ ደንብ ካሳ አለው። ወጣት ተጫዋቾች ለክለቦች በሚደለደሉበት ድራፍት ደካሞች ቀድመው ይመርጣሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ተራዎች የሚወስነው እጣ ቢሆንም ሰፊው ዕድል ግርጌ ላይ ለጨረሰው ነው። ከዚህ ተነስተው ብዙዎች እንደ አዲስ መገንባትን ቀላል ያደርጉታል፦ ነባሮቹን ሽጦ ግርጌ መቀመጥ፣ ከዚያም ተራን መጠበቅ። የኮሎራዶ ታሪክ ይህን አይደግፍም። ሽንፈት ተራ ይሰጣል፤ ቡድን የሚገነባው ግን መቼ መሸጥ፣ እስከ መቼ መጠበቅ፣ መቼስ መግዛት እንደሚገባ የሚያውቅ ሥራ አስኪያጅ ነው።

በ2017 እጣው ለኮሎራዶ አልወጣም። ኒው ጀርሲ፣ ፊላደልፊያና ዳላስ ቀደሙት፤ የሊጉ መጨረሻ አራተኛ መራጭ ሆነ። የመረጠው ተከላካይ ኬል ማካር ነው። ማካር ሁለት ዓመት በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፤ ክለቡም ጠበቀው፤ በ2019 በጥሎ ማለፉ መሀል ተቀላቀለ። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የማት ዱሼን ሽያጭ ነው። የአጥቂው ስም ከወራት በፊት ጀምሮ በገበያ ሲነሳ፣ ቡድኑም ሲሸነፍ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ጆ ሳኪክ ዋጋው እስኪደርስ እጁን ሰብስቦ ቆየ። በኖቬምበር 2017 ናሽቪልና ኦታዋ በገቡበት የሦስትዮሽ ልውውጥ ተከላካዩን ሳሙኤል ዢራርን፣ ሌሎች ወጣቶችንና የኦታዋን የመጀመሪያ ዙር ተራ አገኘ። ኦታዋ በዚያው ዓመት ለምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ ደርሶ ስለነበር አንድ አጥቂ ብቻ የጎደለው መስሎታል። በ2018–19 ከሊጉ መጨረሻ ሆነ፤ አሳልፎ የሰጠው ተራም አራተኛ ወጣ፤ ኮሎራዶ በእሱ ቦወን ባይራምን መረጠ። ከዚያ ሳኪክ ከሻጭነት ወደ ገዥነት ዞረ። በ2020 የደሞዝ ጣሪያ ካስጨነቀው ከኒው ዮርክ አይላንደርስ፣ በሁለት የሁለተኛ ዙር ተራዎች ብቻ ተከላካዩን ዴቨን ቴቭስን ወሰደ። በጁን 2022 ኮሎራዶ በፍጻሜው ተከታታይ ጨዋታዎች ታምፓ ቤይን 4 ለ 2 አሸንፎ የሊጉን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ አነሳ፤ የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋች ማካር ሆነ።

ይህ ዕድል እንጂ ብልሃት አይደለም የሚል አይጠፋም። በ2011 ሁለተኛ የተመረጠው ገብርኤል ላንደስኮግና በ2013 አንደኛ የተመረጠው ኔተን ማኪነን ባይኖሩ ዋንጫው ከየት ይመጣ ነበር? ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በቀደምት ተራ የተገኘ ኮከብ ሳይኖር ቡድን መገንባት ከባድ ነው። ነገር ግን ሁለቱም፣ በ2015 አሥረኛ ከተመረጠው ሚኮ ራንታነን ጋር፣ ያንን 48 ነጥብ ያመጣው ቡድን ውስጥ ነበሩ። ኮከቦቹ ሳይቀየሩ ውጤቱ ከተገለበጠ፣ መልሱን በዙሪያቸው በተሠራው ሥራ መፈለግ ይገባል።

ዕድል ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ደግሞ ባፋሎ ሴበርስ ዛሬ የዋንጫ ባለቤት በሆነ። ባፋሎ በ2014ም በ2015ም ከሊጉ መጨረሻ ወጣ። በማርች 2015 ከአሪዞና ጋር ሲጫወት የገዛ ደጋፊዎቹ ለተጋጣሚው የማሸነፊያ ጎል በደስታ ጮኹ፤ ያኔ ሁሉም ከድራፍቱ የሚመኘው ኮነር ማክዴቪድን ነበርና። እጣው ለኤድመንተን ወጣ፤ ባፋሎ ሁለተኛ መርጦ ጃክ አይክልን አገኘ። ስህተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መሠረቱ ሳይጸና ክለቡ ለመግዛት ቸኮለ፤ ወጣቶቹንና ተራውን ለኮሎራዶ ሰጥቶ ራያን ኦራይሊን አመጣ። በዚያ ልውውጥ ወደ ኮሎራዶ የሄደው ጄ ቲ ኮምፈር በ2022 ዋንጫ አነሳ። ኦራይሊ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ለሴንት ሉዊስ ተሸጠ፤ በምትኩ የመጣው ቴጅ ቶምፕሰን ጥሩ ጎል አግቢ ቢወጣውም፣ በ2018 እና በ2021 የተገኙት አንደኛ ተራዎች ቢጨመሩም፣ ባፋሎ ከ2011 በኋላ እስከ 2025 ድረስ 14 ተከታታይ የውድድር ዘመናት ጥሎ ማለፍ አልገባም። ኦራይሊ በ2019 ከሴንት ሉዊስ ጋር፣ አይክል በ2023 ከቬጋስ ጋር ዋንጫ አነሱ። በጁን 2024 ፍሎሪዳ ኤድመንተንን በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ 2 ለ 1 ሲረታ፣ በተሸናፊው ወገን የነበረው ባፋሎ የተመኘው ማክዴቪድ ነው፤ የማሸነፊያዋን ጎል ያስቆጠረው ደግሞ ባፋሎ በ2014 ሁለተኛ መርጦ በ2021 ለፍሎሪዳ የሸጠው ሳም ራይንሃርት ነበር።