የጥበብ ብሩሽ በኮምፒዩተር

ልጆች፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥበብ ላይ አንዱ ቅርጽ ዳር እስከ ዳር ሲደጋገም አይታችኋል አይደል? በፈረንጆች 2003 በወጣው ኢንክስኬፕ በሚባል ነፃ የሥዕል ፕሮግራም እናንተም እንዲህ ያለ ብሩሽ መሥራት ትችላላችሁ። አንድ ቅርጽ ብቻ ሳሉና ኮፒ አድርጉት። እርሳሱን ምረጡ፤ «ሼፕ» ከሚለው «ፍሮም ክሊፕቦርድ» በሉና መስመር አስምሩ። ቅርጹ ከተለጠጠ በፓዝ ኢፌክት ሳጥን ውስጥ «ሪፒትድ» የሚለውን ምረጡ።

ዋናው ጣጣ ጫፉ ላይ ነው! የግራው ጫፍ ከቀኙ ጋር ካልገጠመ ጥበቡ ይቆራረጣል፤ ሸማኔስ ክር የሚቆጥረው ለዚሁ አይደል? ማዕዘን ላይም ይጣመማል፣ ለጊዜው ቀጥ ያለ መስመር ይሻላችኋል።

ፕሮግራሙ ሥዕሉን በነጥብና በመስመር ልኬት ስለሚይዘው ብታሳድጉት አይደበዝዝም። ለእንቁጣጣሽ ካርድ የሳላችሁት ዳውንታውን ዴንቨር ለሚሰቀል ትልቅ ባነርም ይሆናል።