ሳይታመሙ የቀሩት፦ የቅርብ ዓመታት የሳይንስ ምርምር ዳሰሳ

በ1948 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጃኔት ዋትሰን የተባሉ የሕፃናት ሐኪም በኒው ዮርክ ብሩክሊን አንድ ነገር አስተዋሉ። ሲክል ሴል የሚባለውን የደም በሽታ ወርሰው የተወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ወራት አይታመሙም። ቀይ የደም ሕዋሳቸው እንደ ማጭድ ተቆልምሞ ቀጫጭን የደም ሥሮችን የሚዘጋው፣ አጥንት ሰርስሮ የሚገባውን ሕመም የሚያመጣውም ቆየት ብሎ ነው። ሐኪሟ ምክንያቱ ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ይጠቀምበት የነበረው የሄሞግሎቢን ዓይነት ሳይሆን አይቀርም አሉ። እሱ በደም ውስጥ እስካለ ሕፃኑን ይጠብቀዋል፤ እየቀነሰ ሲሄድ በሽታው ይገለጣል።

ይህ አስተያየት መድኃኒት እስኪሆን 75 ዓመት ፈጀ። በኅዳር 2023 ብሪታንያ፣ በታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ካስጄቪ የተባለውን ሕክምና ፈቀዱ። ከታማሚው ደም የሚያመነጩ ሕዋሳት ይወሰዱና ክሪስፐር በተባለው የዘረመል መቁረጫ ይታረማሉ። የሚቆረጠው በሽታውን ያመጣው ጂን አይደለም፤ ከተወለድን በኋላ የፅንሱ ሄሞግሎቢን እንዳይመረት የሚያደርገው የዘረመል ክፍል ነው። እሱ ሲሰናከል የልጅነቱ ሄሞግሎቢን ተመልሶ ይመረታል። ውጤታቸው ከተገመገመ 31 ታማሚዎች መካከል 29ኙ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያህል ከባዱ ሕመም ሳይነሳባቸው ቆይተዋል።

ደስታው ግን ሙሉ አይደለም። የአንድ ሰው ሕክምና በአሜሪካ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ያስከፍላል። የታረሙት ሕዋሳት ከመመለሳቸው በፊት ታማሚው መቅኒውን የሚያጸዳ ጠንካራ ኬሞቴራፒ መውሰድ ስላለበት፣ ወራት የሚፈጅና የተሟላ ሆስፒታል የሚጠይቅ ሂደት ነው። አብዛኞቹ የሲክል ሴል ሕፃናት የሚወለዱት ደግሞ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ለዚህም ነው በ2025 ከፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል የተሰማው ዜና ከአንድ ልጅ መዳን በላይ የሆነብኝ። ጉበቱ አሞኒያን ማስወገድ ለማይችል አንድ ጨቅላ፣ የእሱን አንዲት የዘረመል ፊደል ስህተት ብቻ የሚያርም መድኃኒት በስድስት ወር ተሠርቶ በደም ሥሩ ተሰጠው። ከሰውነቱ የወጣ ሕዋስ የለም፤ መቅኒውም አልተነካም። ይህ አሠራር ለደም በሽታዎችም የሚሆን ከሆነ ዋጋውም ቦታውም ሊለወጥ ይችላል።

በሕክምና፣ በሥነ ምኅዳር፣ በዘረመልና በቁስ አካል ጥናት የሚወጡትን ውጤቶች አንድ ላይ ሳስተያይ አንድ የጋራ መንገድ ይታየኛል። ከትልልቆቹ ግኝቶች ብዙዎቹ የጀመሩት በሽተኛውን፣ የፈረሰውን ወይም የጠፋውን በመመርመር አይደለም። መታመም ሲገባው ያልታመመውን፣ መፍረስ ሲገባው የቆመውን አይቶ «ይህ እንዴት ተረፈ?» ብሎ በመጠየቅ ነው።

የኮሌስትሮልን ጉዳይ እንውሰድ። ጆናታን ኮኸንና ሔለን ሆብስ የተባሉ የዳላስ ተመራማሪዎች ያተኮሩት ኮሌስትሮላቸው ከወትሮው እጅግ ዝቅ ያለ ሰዎች ላይ ነበር። ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ከመቶ ሁለት የሚሆኑት ፒሲኤስኬ9 ከሚባለው ጂን ሁለት ቅጂዎች አንዱ እንደማይሠራላቸው አገኙ። በ2006 ባወጡት ጥናት እነዚህ ሰዎች መጥፎው ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ ያነሰ፣ በልብ የደም ቧንቧ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ በ88 በመቶ የቀነሰ ሆኖ ተገኘ። ጂኑ በከፊል ባይሠራም ጤነኞች ናቸው፤ እንግዲያውስ በመድኃኒት ቢሰናከልም ጉዳት ላይኖረው ይችላል ማለት ነው። ከ2015 ጀምሮ የጂኑን ሥራ የሚያግዱ መርፌዎች ገበያ ላይ ዋሉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወሰድም ተጨመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ያ የዘረመል ለውጥ የተገኘው አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ነው፤ በነጮች ዘንድ ብርቅ ነው። ከሰው ልጅ የዘረመል ብዝኃነት ትልቁ ድርሻ ያለው አፍሪካ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ የዓለም የዘረመል ጥናቶች የተሠሩት በአብዛኛው በአውሮፓውያን ላይ ነው። በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ከ50 የአፍሪካ ማኅበረሰቦች የተውጣጡ 426 ሰዎችን ሙሉ ጂኖም ሲያነብ፣ ከዚያ በፊት ያልተመዘገቡ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ልዩነቶችን አግኝቷል። በ426 ሰዎች ይህን ያህል ከተገኘ፣ ያልተነበበው ምን ያህል መድኃኒት እንደያዘ ማሰብ ያስቆጫል። በ2023 ይፋ የሆነው የ47 ሰዎች የጋራ ጂኖም ማመሳከሪያ ይህን ክፍተት መሙላት ጀምሯል፤ ጅምር ነው።

ከዚህ መንገድ ውጭ የመጣ ቢሆንም ሳልጠቅሰው የማላልፈው ሌናካፓቪር ነው። የኤችአይቪን የፕሮቲን ቅርፊት የሚያውክ፣ በስድስት ወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ ነው። በ2024 በደቡብ አፍሪካና በዩጋንዳ መርፌውን ከወሰዱ 2,134 ወጣት ሴቶች መካከል በቫይረሱ የተያዘች አንድም አልተገኘችም። በአሜሪካ ዓመታዊ ዋጋው ከ28,000 ዶላር ይበልጣል። በመስከረም 2025 በተገለጸው ስምምነት ግን ከ2027 ጀምሮ 120 ለሚሆኑ አገሮች በዓመት 40 ዶላር ገደማ ይቀርባል ተብሏል። የካስጄቪም ዋጋ እንዲህ ሊወርድ ይችል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወደ ቡና ልለፍ። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ አጥቁሮ የሚያደርቅ ፈንገስ ነው። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታው ክፉኛ በመታቸው ማሳዎች እየዞሩ፣ ዙሪያቸው ሁሉ ጠቁሮ እነሱ ፍሬያቸውን የያዙ ዛፎችን ፈለጉ። ከእነዚያ እናት ዛፎች ዘር ለቅመው ችግኝ አፈሉ፤ ችግኞቹንም ለበሽታው አጋልጠው ፈተኗቸው፤ የተቋቋሙትን ለገበሬው አከፋፈሉ። ዛሬ ውጭ አገር በሚሸጥ የቡና ከረጢት ላይ 74110 ወይም 74112 የሚል ቁጥር ያነበበ ሰው የዚያን ሥራ ውጤት ነው የሚጠጣው። 74 ቁጥር ዛፉ የተመረጠበት ዓመት ነው፤ የ74110 እናት ዛፍ የተገኘችው በኢሉባቦር መቱ አካባቢ ነው።

በሽታን የሚቋቋም ዛፍ ማግኘት ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ፣ ለምንስ እንደተሳካ በ2024 ኔቸር ጄኔቲክስ ላይ የወጣው የአረቢካ ጂኖም ጥናት ያብራራል። አረቢካ የተፈጠረው ከ350,000 እስከ 610,000 ዓመት በፊት፣ ያለ ሰው እጅ፣ ሁለት የቡና ዝርያዎች ተዳቅለው ነው። አንደኛው ወላጅ ዓለም ሮቡስታ የሚለው ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ደጋግሞ ስለመነመነ የዘረመል ብዝኃነቱ ጠባብ ነው። ተመራማሪዎቹ የጫካው ቡናና የለማው ቡና ቅድመ አያቶች የተለያዩት ከ30,000 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑንም ገምተዋል። ዓለም ላይ ከተበተነው የእርሻ አረቢካ ውስጥ አዲስ በሽታን የሚቋቋም ማግኘት ከባድ የሆነው ለዚህ ነው፤ በካፋ፣ በሸካና በያዩ ጫካዎች ያለው ግን ገና ተመርምሮ አላለቀም። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ከ124 የዱር ቡና ዝርያዎች 60 በመቶ የሚሆኑት የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው አሳይቷል፤ የዱር አረቢካም ከእነሱ አንዱ ነው። ጫካው ሲመነጠር የሚጠፋው ጥላና ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ሌላ 74110 ነው።

የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችም ተራፊዎች ናቸው። ከሰማይ ሲታዩ በታረሰ ቡናማ መሬት ላይ እዚህም እዚያም የቀሩ አረንጓዴ ክቦች፣ በመሃላቸውም የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ። ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል። ከውጤቶቹ በጣም ያሳሰበኝ የአፈሩ ነው። በአፈሩ ውስጥ የተቀበረው ዘር ሲቆጠር በአብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ሆኖ ተገኘ፤ የትልልቆቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር ከሞላ ጎደል የለም። ዛፎቹ ዘራቸውን አፈር ውስጥ ለዓመታት አያስቀምጡም። ስለዚህ ደኑ አንዴ ከተቆረጠ መሬቱን ቢያሳርፉት ተመልሶ አይበቅልም። በሌላ በኩል ከብት እንዳይገባ በታጠረበት ቦታ ችግኞች በብዛት በቅለው ይተርፋሉ። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር የጀመሩት ሥራም ከእርሻው የተለቀመውን ድንጋይ ካብ አድርጎ ደኑን ማጠር ነበር። በእኔ እይታ በአገራችን ከተደረጉ የጥበቃ ሥራዎች ይህን ያህል ቀላልና ይህን ያህል በምርምር የተደገፈ ጥቂት ነው።

ባሌ ተራሮች ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮ አበባ ሲልስ ታይቷል። በ2024 መጨረሻ የወጣው ጥናት እንደሚለው፣ አይጥ በማደን የሚኖረው ይህ እንስሳ ችቦ መሳይ ቀይና ቢጫ አበቦችን እየዞረ የአበባ ማር ይልሳል። አንዳንዱ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ይጎበኛል፤ አፍንጫውም በአበባ ዱቄት ይሸፈናል። ትልቅ ሥጋ በል እንስሳ አበባ ሊያዳቅል እንደሚችል ሲጠቆም የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። በዓለም የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ከ2018 ጀምሮ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባት በሥራ ላይ ውሏል።

ከሞት የሚያመልጠው ግን የምንወደው ብቻ አይደለም። የወባ ጥገኛም ያመልጣል። በየጤና ኬላው ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ፈጣን የወባ መመርመሪያ የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ነው። በ2021 የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የሌላቸው ጥገኞች መገኘታቸውን አረጋገጠ። ሰውየው ወባ አለበት፤ ምርመራው ግን የለበትም ይላል። በ2023 ደግሞ ይህን ጉድለትና ለወባ መድኃኒቱ ለአርቴሚሲኒን መላመድን የሚያሳይ የዘረመል ለውጥን አንድ ላይ የያዙ ጥገኞች በአገራችን መኖራቸው ታተመ።

ትንኟም ተለውጣለች። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የእስያ ትንኝ ናት፤ በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች። የለመድናት የወባ ትንኝ የምትራባው ዝናብ ባቆረው ውኃ ስለሆነ ወባ ክረምቱን ተከትሎ የሚመጣ የገጠር በሽታ ነበር። ይህችኛዋ በበርሜልና በታንከር ውኃ ትፈለፈላለች፤ ውኃ በሚጠፋበት ከተማ ደግሞ በርሜል የሌለው ቤት የለም። በ2022 መጀመሪያ፣ በደረቁ ወቅት፣ ድሬዳዋ ላይ ወባ ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ከአሥር እጥፍ በላይ ጨመረ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የታማሚዎቹን ቤትና የከተማዋን ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ተከታትለው ምንጩ ይህችው ትንኝ መሆኗን አሳዩ። የወባ መከላከያው ዘመቻ በገጠሩ አጎበር ላይ ብቻ ሊቆም አይችልም።

በቁስ አካል ጥናት የተራፊው ምሳሌ የሮማውያን ኮንክሪት ነው። የኛ ዘመን ኮንክሪት በአሥርት ዓመታት ሲሰነጠቅ፣ የሮሙ ፓንቴዎን ጉልላት ወደ 1,900 ዓመት ሊሞላው ነው። በሮማውያን ግድግዳ ውስጥ ትንንሽ ነጫጭ የኖራ ጓሎች ይታያሉ፤ ለረጅም ጊዜ የአቦካክ ጉድለት ተደርገው ነበር የሚቆጠሩት። በ2023 መጀመሪያ ተመራማሪው አድሚር ማሲችና ባልደረቦቻቸው ጓሎቹ ውኃ ያልነካው ኖራ በትኩሱ ሲቦካ የሚፈጠሩ መሆናቸውን አሳዩ። ግድግዳው ሲሰነጠቅና ውኃ ሲገባ ጓሉ ይሟሟል፤ ስንጥቁ ውስጥም እንደገና ይደርቅና ይደፍነዋል። በዚህ ዘዴ የሠሩትን ኮንክሪት ሰንጥቀው ውኃ ሲያሳልፉበት በሁለት ሳምንት ውስጥ ተደፈነ፤ ኖራ የሌለበት ግን አልተደፈነም። ሲሚንቶ ከዓለም የካርቦን ልቀት ስምንት በመቶ ገደማ ስለሚይዝ፣ ዕድሜው የረዘመ ኮንክሪት ትልቅ ነገር ነው። የጎንደር ግንቦችም በኖራ የተገነቡ ናቸው፤ ቡኬታቸውን በዚህ ዓይን የሚመረምር ሰው ቢገኝ እመኛለሁ።

የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጠውም ከንቱ ይመስል ለነበረ ነገር ነው፤ ለባዶ ቦታ። ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ የብረታ ብረት አተሞችን ካርቦን ባላቸው ሞለኪውሎች እያያያዙ ውስጣቸው ክፍት የሆኑ ክሪስታሎች ሠሩ። የመጀመሪያዎቹ ቶሎ የሚፈርሱ ስለነበሩ ብዙዎች ተስፋ አልጣሉባቸውም ነበር። አሁን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከጭስ ለመያዝ፣ ከደረቅ በረሃ አየርም ውኃ ለመቅዳት እየተሞከሩ ነው። ያጊ ያደጉት በአማን ከተማ፣ የቧንቧ ውኃ በሌለበት የስደተኛ ቤተሰብ ውስጥ ነው።

ከወትሮው የወጣ ሁሉ ግን እውነት አይደለም። በሐምሌ 2023 ከደቡብ ኮሪያ ኤልኬ99 የተባለ ቁስ በክፍል ሙቀት ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ብክነት ያስተላልፋል ተብሎ ዓለም ተንጫጫ። በየአገሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ደግመው ሠሩት፤ በሳምንታት ውስጥ አለመሆኑ ታወቀ።

የሞታ ዋሻ ጉዳይ የበለጠ ያስተምራል። በጋሞ ደጋ ባለው በዚህ ዋሻ የተቀበረ ሰው አጽም፣ ቦታው ቀዝቃዛ በመሆኑ ዲኤንኤው 4,500 ዓመት ሳይበላሽ ቆይቶ በ2015 ከአፍሪካ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሙሉ ጂኖም ሆነ። ለእሱ በዘር ከሁሉ ቀርበው የተገኙት የዛሬዎቹ የአሪ ሕዝቦች ናቸው። ጥናቱ ከዚያ አልፎ፣ ከምዕራብ እስያ የመጣ ዘር በመላው አፍሪካ ተሰራጭቷል ብሎ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በኮምፒውተር ሥራው አንድ እርምጃ መዘለሉን ገልጸው ያን ድምዳሜ አረሙ፤ ተጽዕኖው በምሥራቅ አፍሪካ እውነት ቢሆንም ለቀረው አህጉር የተጋነነ ነበር። የሰውየው ጂኖም ግን ትክክል ነው፤ የአፍሪካን የጥንት ሕዝቦች የሚያጠኑ ሁሉ ዛሬም ያመሳክሩበታል።