የሪፖርቶቻችን ባለውለታ፦ ኦዲቢሲ

ሰኔ 30 ሲቃረብ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሰሚትና ሲኤምሲ ባሉ ሕንፃዎች የፋይናንስ ክፍል መብራት ያመሻል። ሒሳብ ይዘጋል፣ ሪፖርት ይታተማል። ስለ ሪፖርቱ ሁሉም ያወራል፤ ሪፖርቱን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘውን ነገር ግን የሚያነሳው የለም። ስሙ የሚጠራው ሥራ እምቢ ሲል ነው፣ ያውም በወቀሳ። እኔ እንጀራዬን የበላሁት በእሱ ስለሆነ ላስተዋውቃችሁ።

ኦዲቢሲ ይባላል። ማይክሮሶፍት ያወጣው በ1992 (እ.ኤ.አ.) ነው። የሪፖርት መሥሪያው ክሪስታል ሪፖርትስም ሆነ ኤክሴል የየዳታቤዙን ጠባይ ሳያውቅ በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲጠይቅ ያስችለዋል፤ በመሃል ሆኖ የሚያስተረጉመው ድራይቨር ነው። የከተማችን ሒሳብ ሠራተኛ የሚያውቀው ፒችትሪ መረጃውን የሚያኖረው ፐርቬሲቭ በሚባል ዳታቤዝ ነው፤ ያንን መረጃ ከኤክሴል ጋር በቀጥታ ያገናኘ ሰው ኦዲቢሲን ሳያውቀው ተጠቅሞበታል። ጄዲቢሲ የሚባል ወንድም አለው፣ ለጃቫ ፕሮግራሞች። ጤና ተቋማት ሪፖርት የሚልኩበት ዲኤችአይኤስ 2 ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር የሚነጋገረው በእሱ ነው። ኦሌ ዲቢ የሚባል ሌላ የማገናኛ መንገድም አለ፤ ማይክሮሶፍት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ለኤስኪውኤል ሰርቨር አልቀጥልበትም ብሎ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ ድራይቨር መለሰው።

ከኦዲቢሲ ውስጥ እኔ ከሁሉ የምወደው ዲኤስኤንን ነው። ዲኤስኤን ማለት ለዳታቤዙ የምናወጣለት ስም ነው። ሰርቨሩ የት እንዳለ፣ የትኛው ድራይቨር እንደሚያገለግል በኮምፒውተሩ ላይ ይመዘገባል፤ ሪፖርቱ የሚያውቀው ስሙን ብቻ ነው። የአዲስ አበባውን ሃያ ሁለት ማዞሪያ አስቡት፤ ስሙን ያገኘው 22 ቁጥር አውቶቡስ ይዞርበት ከነበረው ቦታ ነው። አካባቢው ስንት ጊዜ ፈርሶ ተሠራ፤ የታክሲው ረዳት ግን ዛሬም «ሃያ ሁለት» ብሎ ይጣራል፣ ተሳፋሪውም ይደርሳል። ዲኤስኤንም እንዲሁ ነው። በመሥሪያው ማሽን ላይ «ሒሳብ» የሚለው ስም ወደ ሙከራው ዳታቤዝ ይወስዳል፤ ላይቭ ላይ ያው «ሒሳብ» ወደ እውነተኛው። ሪፖርቱን ማንም አይነካውም።

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ገርጂ ለሚገኝ አንድ ድርጅት የዓመት መዝጊያ ሪፖርት ስሠራ ለመፍጠን ብዬ የሰርቨሩን አድራሻ እዚያው ሪፖርቱ ውስጥ ከተትኩት። ወደ ላይቭ ሳዞር ዋናውን ቀየርኩ፤ በውስጡ የነበረውን ንዑስ ሪፖርት ረሳሁት። ክሪስታል ደግሞ ለንዑስ ሪፖርት ግንኙነቱን ለብቻው ነው የሚይዘው። የፋይናንስ ኃላፊዋ ወረቀቱን አገላብጠው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይህ ደንበኛ ማነው?»

ጣታቸው ያረፈው «የሙከራ ደንበኛ 3» ላይ ነው። ድምሩ ከላይቭ፣ የደንበኞቹ ዝርዝር ከሙከራው መጥቶ ነበር። ስሙ እውነተኛ የሚመስል ቢሆን ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

እርግጥ ነው፣ አድራሻውን በቀጥታ የሚይዘው ጽሑፍ፣ ኮኔክሽን ስትሪንግም ቦታ አለው። ሪፖርቱን የሚከፍተው ራሱ የድርጅቱ ፕሮግራም ከሆነና አድራሻውን ከአንድ የማዋቀሪያ ፋይል የሚያነብ ከሆነ በየኮምፒውተሩ እየዞሩ ዲኤስኤን መሥራት አያስፈልግም። ስሕተቱ አድራሻውን በየሪፖርቱ ሆድ ውስጥ መቅበር ነው። በተለይ በአይፒ ቁጥር! መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ ለሰርቨሩ ሌላ ቁጥር ሰጥቶት ሃያ ሪፖርት ባንድ ጠዋት ሲቆም አይቻለሁ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ልምጣ። ስልክ ይደወላል፤ «ዲኤስኤኑን ሠርቻለሁ፣ ቴስቱም አልፏል፣ ፕሮግራሙ ግን የለም ይላል። ዳታቤዙ ተበላሽቷል።» ዳታቤዙ ምንም አልሆነም። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የኦዲቢሲ ማስተካከያው ሁለት ነው፤ አንዱ ለ64 ቢት ፕሮግራሞች፣ አንዱ ለ32 ቢት። አንዱ ጋ የተመዘገበውን ሲስተም ዲኤስኤን ሌላኛው አያየውም። ክሪስታል ሪፖርትስ እስከ 2016ው እትም ድረስ 32 ቢት ነበር፤ ስለዚህ ሰው በ64ቱ በኩል መዝግቦ ከ32ቱ ይጠብቃል።

ይባስ ብሎ የሁለቱም ፋይል ስም አንድ ነው፣ መጨረሻውም 32። 64 ቢቱ የሚገኘው «ሲስተም 32» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ 32 ቢቱ «ሲስዋው 64» ውስጥ። ተገላቢጦሽ ነው፣ ግን ምክንያት አለው። ዊንዶውስ ወደ 64 ቢት ሲሸጋገር ብዙ ፕሮግራሞች «ሲስተም 32» የሚለውን ስም ውስጣቸው ጽፈውት ነበር። ስሙ ቢቀየር ለ64 ቢት እንደገና ሲዘጋጁ ይሰናከሉ ስለነበር ስሙ ሳይነካ ይዘቱ ተለወጠ። ለቆዩት 32 ቢቶች ሌላ ቤት ተሠራላቸው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሁለቱ በፍለጋ ሲመጡ 32 ወይም 64 ተብሎ አጠገባቸው ተጽፏል። እባካችሁ አንብቡት! ሁለቱንም ከፍታችሁ በሁለቱም ያንኑ ስም መዝግቡ። የሁለቱም ድራይቨር ከተጫነ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው «ዩዘር ዲኤስኤን» ነው። የመዘገበው ሰው ብቻ ነው የሚያየው። ቀን በእናንተ ስም ሲከፈት የሠራ ሪፖርት ሌሊት ሰርቨሩ በራሱ አካውንት ሲያስኬደው ይወድቃል። ለጋራ ሥራ ሲስተም ዲኤስኤን ነው የሚሆነው።

ሪፖርትን ሙሉ ሥልጣን ባለው የኤስኪውኤል ሰርቨር «ኤስኤ» አካውንት የሚያገናኙ ባለሙያዎች ግን ያናድዱኛል። ሪፖርት የሚያነብ እንጂ የሚጽፍ አይደለም። ማንበብ ብቻ የሚችል ተጠቃሚ ፍጠሩለት፤ ለሙከራውና ለላይቩም የይለፍ ቃሉ የተለያየ ይሁን። ያኔ አድራሻ ብትረሱ እንኳ በሩ ይዘጋባችኋል እንጂ የተቀላቀለ ወረቀት አይወጣም።

ከገርጂው ወዲህ በምሠራው ሪፖርት ሁሉ፣ በንዑሱም ጭምር፣ ግርጌው ላይ የሰርቨሩንና የዳታቤዙን ስም በትንሽ ፊደል አሳትማለሁ። ስሞቹ ከዳታቤዙ ከራሱ ተጠይቀው የሚመጡ ናቸው፣ በእጅ የሚጻፉ አይደሉም። ኃላፊዋ ዛሬ ወረቀት ሲሰጣቸው ከድምሩ በፊት የሚያነቡት ግርጌውን ነው።