ለቀይ ባሕር ኮረብታዎች ባለ ስንት ሚሊ ሜትር መነጽር ይበቃል?

ካርቱም የሜዳ ከተማ ናት። ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት አካባቢ ዓይን የሚያግድ ተራራ የለም። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ እስኪፈነዳ ድረስ የኑቢያ ዋልያን ፈልገው የሚመጡ የውጭ አዳኞች መነሻቸው እሷ ነበረች። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 800 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዘው፣ ከፖርት ሱዳን ጀርባ ወደተዘረጉት የቀይ ባሕር ኮረብታዎች ይገቡ ነበር። ይህ የኛ ዋልያ የቅርብ ዘመድ የሆነ እንስሳ ቀለሙ ከአለቱ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ካልተንቀሳቀሰ በተራ ባይናኩላር እንኳ አይለይም። ስለዚህ አዳኙ በሦስት እግር ላይ የሚቆም፣ ባለ አንድ ዓይን ረጅም መነጽር ይይዛል፤ ስፖቲንግ ስኮፕ የሚሉት ነው። ዋናው ጥያቄ የፊት ሌንሱ ስፋት ነው። ገበያው ውስጥ በብዛት ያሉት ባለ 50፣ ባለ 65 እና ባለ 80 ሚሊ ሜትር ናቸው። ብዙ ሰው አቅሙ ከፈቀደ ትልቁን ይገዛል። ለዚህ አገር ግን ትክክለኛው ባለ 65 ነው ብዬ አምናለሁ።

የትልቁ ሌንስ ጥቅም እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። ባለ 80 ከባለ 65 ይልቅ በግማሽ ያህል የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል። ጥቃቅን ነገር በመለየትም ይበልጣል፦ አየሩ ፍጹም የረጋ ቢሆን፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ባለ 65 ወደ 9 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 80 ደግሞ ወደ 7 ሚሊ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ነጥቦችን ነጣጥሎ ማሳየት ይችላል። ችግሩ «አየሩ ቢረጋ» የሚለው ላይ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትልና ጥቁሩ አለት ሲግል፣ ከድንጋዩ የሚነሳው ሞቃት አየር መርገብገብ ይጀምራል። በዚህ ሰዓት መነጽሩን 60 እጥፍ ላይ አድርጎ የወንዱን ቀንድ የሚያይ ሰው፣ የቀንዱ ጠርዝ እንደ ፈሳሽ ሲዋልል፣ በቀንዱ ላይ ያሉት ጉብታዎች እርስ በርስ ሲዋሃዱ ያያል። ማጉላቱን ወደ 25 እጥፍ ሲመልሰው ምስሉ ያንሳል፤ ጉብታዎቹ ግን እንደገና ይለያሉ። የሁለት ሚሊ ሜትሩ ብልጫ በዚህ መርገብገብ ውስጥ ይጠፋል። በጉብታና በጉብታ መካከል ያለው ርቀት በሴንቲ ሜትር የሚለካ ስለሆነ፣ ባለ 65 ለሥራው ከበቂ በላይ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የጎህና የምሽት ብርሃን ነው። ዋልያ የሚሰማራው በእነዚህ ሰዓቶች ነው፤ ትልቁ ሌንስ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው ይባላል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ግን የተወለደው ድንግዝግዙ በሚረዝምበት የሰሜን አገር ነው። በአላስካ በበጋ ድንግዝግዙ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። በቀይ ባሕር ኮረብታዎች ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጥሩ ብርሃን የሚቆየው ለ25 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ማጉላቱን ወደ 20 እጥፍ ማውረድ ይቻላል። የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉላቱ ስናካፍለው ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ዘንግ ውፍረት ይገኛል፦ ለባለ 65 ከ3 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ለባለ 80 ደግሞ 4 ነው። ልዩነት አለ፤ ግን ለጥቂት ደቂቃ የሚያገለግል ልዩነት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን በጀርባ ይሸከሙታል።

ክብደቱ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። ትልቅ መነጽር ጠንካራ ሦስት እግር ይፈልጋል፤ አለዚያ ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ ያወዛውዘዋል። ሁለቱ ተደምረው በባለ 65 እና በባለ 80 መካከል እስከ አንድ ኪሎ ግራም ልዩነት ሊያመጡ ይችላሉ። አንድ ኪሎ ማለት አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ ምንጭ በሌለበት ተራራ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ተጨማሪ ሰዓታት ማለት ነው። የአካባቢው ሕዝብ የሆኑት የቤጃ መንገድ መሪዎች ግመል ስላላቸው ክብደት አያስጨንቅም የሚል ይኖራል። ግመሉ ግን ከደረቁ ወንዝ አፋፍ አያልፍም፤ የመጨረሻው አቀበት የሚወጣው በሰው ጀርባ ነው።

ታዲያ ለምን ባለ 50 አንይዝም? ብቻውን ለሚጓዝ፣ ብዙ ለሚራመድ ሰው ይህን ምርጫ አልነቅፍም። ነገር ግን 30 እጥፍ ላይ የብርሃን ዘንጉ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል፤ ምስሉ ይጨልማል፣ ዓይንም ቶሎ ይደክማል። እንስሳው በቁጥር እየመነመነ በመሆኑ ደግሞ ሴቷንና ወጣቱን ከሸመገለው ወንድ ሳይለዩ መተኮስ ይቅር የማይባል ጥፋት ነው። ይህን ለመለየት ረጅም ጊዜ ሳይደክሙ ማየት ግድ ይላል።

ቦታው ሲቀየር መልሱም ይቀየራል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋልያ አይታደንም፤ መነጽሩ የሚያስፈልገው ለቆጠራና ለጥበቃ ነው። እንደ ጨነቅ ባሉ ቦታዎች ከገደል አፋፍ ቆሞ ወደ ታች ለሚቆጥር ሰው፣ የጠዋቱ አየር ቀዝቃዛና የረጋ ስለሆነ 50 እጥፍ እንኳ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። ቆጣሪው አንድ ቦታ ላይ ሰዓታት ስለሚቀመጥም ክብደቱ እምብዛም አይጎዳውም። እዚያ ባለ 80 መግዛት ተገቢ ነው።