የፕሮግራም ቋንቋ፣ የተፈጥሮ ቋንቋና የተማሪው አስተሳሰብ

ስለ ኮምፒዩተር ትምህርት ውይይት በተነሣ ቁጥር ሁለት አስተያየቶች ይደመጣሉ። አንደኛው፣ እንግሊዝኛን በሚገባ ያላወቀ ተማሪ ፕሮግራም መጻፍ አይችልም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ፕሮግራም መጻፍን የተማረ ልጅ በማናቸውም ጉዳይ በሥርዓት ለማሰብ ይበቃል የሚል ነው። ከመጀመሪያው አስተያየት የተነሣ ብዙ ተማሪዎች ትእዛዞቹን ሳይረዱ በቃላቸው ይሸመድዳሉ፤ ከሁለተኛው የተነሣ ደግሞ ትምህርቱ ሊሰጥ ከሚችለው በላይ ይጠበቅበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ አስተያየቶች ምን ያህል እውነትነት እንዳላቸው መርምሮ፣ ለክፍል ሥራ የሚጠቅመውን ማመልከት ነው።

1. ቃሉና ትርጉሙ

የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች የሚታዘዙት በቁጥር ነበር። ግሬስ ሆፐር የተባሉት አሜሪካዊት የሒሳብ ምሁር ትእዛዞች በተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ሊጻፉ እንደሚችሉ በ1950ዎቹ ዓመታት በሥራ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1959 መነደፍ የጀመረው ኮቦል የተባለው የንግድ ሥራ ቋንቋም ከእርሳቸው ሥራ ብዙ ወስዷል።

ይሁን እንጂ ከተፈጥሮ ቋንቋ የተወሰደው የቃሉ መልክ እንጂ ትርጉሙ በሙሉ አይደለም። ሰው ለሰው ሲናገር የጎደለውን የሚሞላው አድማጩ ነው። በፕሮግራም ቋንቋ ግን የእያንዳንዱ ቃል ትርጉም አስቀድሞ በስምምነት የተወሰነ ስለሆነ፣ ያልተጻፈውን የሚገምት የለም። ለምሳሌ ያህል፣ «ለእንግዳው ሻይ ወይም ቡና ስጠው» ስንል ከሁለቱ አንዱን ማለታችን ነው። በፕሮግራም ውስጥ ግን በ«ወይም» የተያያዙ ሁለት ነገሮች ሁለቱም እውነት ቢሆኑ ዐረፍተ ነገሩ እንደ እውነት ይቈጠራል።

ለሠልጣኞቼ ደጋግሜ የምሰጠው አንድ ልምምድ ይህንኑ የበለጠ ያስረዳል። «እንስራው እስኪሞላ ድረስ በጣሳ ውሃ ጨምር» የሚለውን ትእዛዝ ሰው ሲፈጽም፣ እንስራው በጣሳው አጋማሽ ላይ ቢሞላ እዚያው ያቆማል። ማሽኑ ግን የጀመረውን ጣሳ ጨርሶ ካፈሰሰ በኋላ ብቻ «ሞልቷል ወይ?» ብሎ ይመለከታል፤ ውሃውም ይፈሳል። ሠልጣኞቹ በመጀመሪያ ላይ ማሽኑም እንደ ሰው መካከል ላይ ያቆማል ብለው ይከራከራሉ።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። ቦናርና ሶሎዌይ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጀማሪዎችም የዕለት ተዕለት ንግግራቸውን ልማድ ወደ ፕሮግራሙ ይዘው በመግባት እንደሚሳሳቱ አመልክተዋል። ስለዚህ እንቅፋቱ እንግሊዝኛን አለማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ የቃሉን ሁለት ትርጉሞች አለመለየት ጭምር ነው።

2. የቃላት አቀማመጥ

እንግሊዝኛ ሁኔታን የሚያመለክተውን ቃል ለብቻው አቁሞ በዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ያስቀምጣል። በአማርኛ ግን ይህን ሥራ የሚሠሩት «ከ»፣ «ቢ»፣ «ካል» የተባሉት ምዕላዶች ሲሆኑ፣ ከግሥ ጋር ተጣብቀው በሐረጉ መጨረሻ ይመጣሉ፦ «ውጤቱ ከ50 ቢያንስ፣ ‹ይድገም› ብለህ ጻፍ።» ስለሆነም የእንግሊዝኛውን ቃል በአማርኛ ቃል ቦታ በቦታ መተካት አማርኛም እንግሊዝኛም ያልሆነ ነገር ይፈጥራል። ትርጉም የሚያስፈልገው ለቃሉ ሳይሆን ለሐሳቡ ነው።

ግሥን በመጨረሻ ማስቀመጥም ለማሽን እንግዳ አይደለም። በ1970 አካባቢ ቻርልስ ሙር የፈጠሩት ፎርዝ የተባለው ቋንቋ መደመርን «3 4 +» ብሎ ይጽፋል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን «3ንና 4ን ደምር» ብሎ እንደ ልማዱ ሊያነበው ይችላል። የእንግሊዝኛ ቅደም ተከተል እንግዲህ የነዳፊዎች ልማድ እንጂ የማሽኑ ጠባይ አይደለም።

3. አጻጻፍ አስተሳሰብን ይለውጣልን?

የግእዝ ቁጥር 305ን ፫፻፭ ብሎ ይጽፋል፤ ዜሮ ሳያስፈልገው ቁጥሩን አጥርቶ ያሳያል። ነገር ግን ፫፻፭ን በ፳፬ ለማባዛት የፈለገ ሰው ቁልቁል ደርድሮ መሥራት ይቸግረዋል፤ የምልክቱ ዋጋ በቦታው አይወሰንምና። 305ንና 24ን ግን አንድ ታዳጊ ተማሪ በወረቀት ላይ ያባዛቸዋል። ልዩነቱ የአእምሮ ሳይሆን የአጻጻፍ ነው። ኤ.ፒ.ኤል. የተባለውን ቋንቋ የፈጠሩት ኬነት አይቨርሰን እ.ኤ.አ. በ1979 የቱሪንግ ሽልማትን በተቀበሉ ጊዜ ያቀረቡት ንግግር፣ አጻጻፍ የማሰቢያ መሣሪያ መሆኑን የሚያስረዳ ነበር።

ይህ ማለት ግን መሣሪያው በራሱ አሳቢ ያደርጋል ማለት አይደለም። ሎጎ የተባለው የሕፃናት ቋንቋ ከፍተኛ ተስፋ ተጥሎበት ሳለ፣ በኒውዮርክ ባንክ ስትሪት ኮሌጅ የነበሩት ፒና ኩርላንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረቡት ጥናት፣ ሎጎን የተማሩት ልጆች ሌላ ሥራን በማቀድ ካልተማሩት እንዳልበለጡ አሳየ። አጻጻፉ ለራሱ ሥራ ይረዳል፤ ትምህርቱን ወደ ሌላ መስክ የሚያሻግረው የመምህሩ ጥረት ነው።

4. ከሌሎች ልምድ

ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1985 የኢንፎርማቲክስ ትምህርትን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስትጀምር፣ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር አልነበራቸውም። የትምህርቱ ዋና አራማጅ አንድሬይ ዬርሾቭ በመማሪያ መጽሐፉ የተጠቀሙበት የትእዛዝ አጻጻፍ ቃላቱ ሩስኛ ነበሩ፤ ተማሪዎችም ትእዛዞቹን በወረቀት ላይ ይፈጽሙ ነበር። ወረቀት ማሽንን አይተካም፤ የተማሪውን ስሕተት ሳያዳላ የሚያሳይ ማሽኑ ነውና። ሆኖም ማሽን እስኪመጣ ድረስ ትምህርቱ መቆም እንደሌለበት ይህ ልምድ ያስረዳል።

በቅርቡም ዳስጉፕታና ሂል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ስክራች የተባለውን የልጆች ቋንቋ በአገራቸው ቋንቋ የተጠቀሙ ጀማሪዎች፣ በእንግሊዝኛ ከተጠቀሙት የአገራቸው ልጆች ይልቅ አዳዲስ ትእዛዞችን በፍጥነት በሥራ ላይ ማዋላቸውን ገልጸዋል። ስክራች ትእዛዞቹን በአማርኛም ያሳያል።

5. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉት ሐሳቦች ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ቀርበዋል።

ሀ) ተማሪው ማንኛውንም ፕሮግራም አስቀድሞ በተስተካከለ አማርኛ በተራ ቁጥር ይጻፍ፤ የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ለ) «ወይም»፣ «እስከ»፣ «ከሆነ» የመሳሰሉት ቃላት በንግግርና በፕሮግራም ያላቸው ልዩነት በምሳሌ ይነገር።

ሐ) ኮምፒዩተር በማይገኝበት ክፍል አንድ ተማሪ የማሽኑን ቦታ ይዞ የጓደኛውን ትእዛዝ እንደ ተጻፈ ብቻ ይፈጽም፤ የቁጥሮቹንም ለውጥ በሠንጠረዥ ይመዝግብ።

መ) በሒሳብም ሆነ በሌላ ትምህርት መምህሩ ተመሳሳዩን ቅደም ተከተል እያነሣ ተማሪውን ያስታውስ።

ተማሪው የእንስራውን ውሃ ለምን እንደ ፈሰሰ በገዛ ቋንቋው ማስረዳት ከቻለ ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው። የእንግሊዝኛውን ትእዛዝ ሳይሳሳት ጽፎ ይህን ማስረዳት ያልቻለ ተማሪ ግን ገና አልጀመረም።