ከቀለሙ ሥር ያለው አሉሚኒየም

ባሮ በኢትዮጵያ የንግድ መርከብ የተመላለሰበት ወንዝ ነው። አፄ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጋምቤላ ወደብ ሆነች፤ የእንፋሎት መርከቦች ሸቀጥ አራግፈው ቡና ጭነው ወደ ሱዳን ይመለሱ ነበር። ይህ ይሆን የነበረው ግን ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነበር። በጋ ውሃው ይጎድላል፤ ክረምት ደግሞ ምድሩ ማጥ ይሆንና በእግርም በመኪናም አያስኬድም ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል መንገድ ሲፈለግ የቀረው ሰማዩ ነበር።

አሜሪካዊው የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናዊ ዶናልድ ማክሉር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባሮ ዳር፣ ፖክዎ ላይ፣ በአኙዋ ሕዝብ መካከል ጣቢያ አቋቋመ። ቆይቶ በጊሎ ወንዝ ዳርም ሌላ ተከፈተ። መድኃኒት ለማድረስና በሽተኛ ለማንሳት ሣሩ ታጭዶ ማረፊያ ተዘጋጀ፤ የሚሽን አቪዬሽን ፌሎሺፕ ትንንሽ ሴስናዎችም በ1960ዎቹ ይመላለሱ ጀመር። ድርጅቱን የመሠረቱት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ አብራሪዎች ናቸው። በ1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ሜክሲኮ ያደረገችው ቤቲ ግሪን የምትባል ሴት ስትሆን፣ ቆይታም ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ በራለች። ስለ አብራሪዎቹ ብዙ ተጽፏል። እነዚያን አውሮፕላኖች አፍርሶ የሚገጥማቸው፣ ቀለማቸውን አንስቶ እንደገና የሚቀባቸው ባለሙያ ግን ከእነሱ ያላነሰ ክብር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ከ1961 እስከ 1985 የተመረተውን ሴስና 185 እንውሰድ። ክንፉ ከላይ ነው፤ ሦስተኛዋ ትንሽ ጎማ ከጭራው ሥር ናት። አፍንጫው ቀና ስለሚል ፕሮፔለሩ ከሣርና ከጠጠር ይርቃል። ነገር ግን ሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚወረውሩት ጭቃና ጠጠር በቀጥታ የጭራውን ክንፍ ሆድ ይመታል፤ ቀለሙ መጀመሪያ የሚላጠውም እዚያ ነው። አሉሚኒየም አይዝግም የሚሉ አሉ። ቀይ ዝገት አያወጣም እንጂ ይበላል። እንደ ጋምቤላ ባለ ሙቅና እርጥብ አየር ውስጥ ውሃ በተላጠው ጠርዝ ሾልኮ ከገባ፣ ከቀለሙ ሥር ትል የሄደበት የሚመስል ጠማማ መስመር እየሠራ ይሄዳል።

ቀለም ማንሳቱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የመኪና ጋራዥ ልማድ እዚህ አይሠራም። የሽቦ ብሩሽ ክልክል ነው፤ ጭረት ያወጣል፣ ጭረት ደግሞ የስንጥቅ መነሻ ነው። የብርጭቆ ወረቀትም በጥንቃቄ ነው፤ የአውሮፕላን ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ጠንካራ ቅይጥ፣ ላዩ በስሱ የተለበጠ ንጹሕ አሉሚኒየም ነው፤ እንዳይበላ የሚጠብቀውም ያ ልባጭ ነው። ስለዚህ መስኮቶቹ ይሸፈኑና ማስለቀቂያ ኬሚካል ይቀባል፤ ቀለሙ ሲያብጥ በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሳል።

ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ገላው ራቁቱን በቆመበት ሰዓት መካኒኩ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዞ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ይፈትሻል። ከአንዲት ሪቬት ጀርባ ጥቁር ጭረት ወደ ኋላ ተስቦ ካየ፣ ሪቬቷ ላልታ በበረራ ስትፋተግ ኖራለች ማለት ነው፤ ጭረቱ ንፋስ የሳበው የአሉሚኒየም ብናኝ ነው። የተበላውን ይጠርጋል፣ ያልጠናውን ይቀይራል። በ1935 አዲስ አበባ ተሠርታ ጣሊያን የወሰደቻት፣ በ2024 ወደ አገሯ የተመለሰችው «ፀሐይ» አውሮፕላን የታደሰችው ለመታየት ነው። የሥራ አውሮፕላን ግን በማግስቱ ሰው ይጭናልና ውበቱ የሚታየው ከዚህ ፍተሻ ቀጥሎ ነው።

ከዚያ ይታጠባል፣ ፕራይመር ይረጫል፣ ላዩን ፖሊዩሬቴን ይቀባል። ቀለሙ ከሚረጭበት ኮምፕሬሰር ውሃ ከወጣ ቀለሙ ይበላሻል፤ እርጥበት የበዛበት ቀንም ለዚህ ሥራ አይመችም። በክንፉና በጭራው ጠርዝ ላይ በማጠፊያ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች ቀለም ከተቀቡ በኋላ ሚዛናቸው ይለካል፤ ከማጠፊያው በስተኋላ ክብደት ከበዛ በፍጥነት ሲበር መንቀጥቀጥ ይጀምሩና ሊገነጠሉ ይችላሉ። የአየር ግፊት የሚለኩት ትንንሽ ቀዳዳዎችም ቀለም እንዳይገባባቸው በፕላስተር ይሸፈናሉ፤ ፕላስተሩ መነሳቱን ደግሞ ከአንድ በላይ ሰው ማየት አለበት። በ1996 በፔሩ አንድ ቦይንግ 757 ከታጠበ በኋላ ይኸው ፕላስተር ሳይነሳ በመቅረቱ አብራሪዎቹ ከፍታና ፍጥነታቸውን ማወቅ ተስኗቸው 70 ሰው አልቋል።

በመጨረሻ አውሮፕላኑ ይመዘናል፤ አዲሱ ባዶ ክብደትም በመዝገቡ ይሰፍራል። ጋምቤላ በበጋ ሙቀቱ ሲበረታ አየሩ ይሳሳል፤ ከአጭር የሣር ሜዳ ለመነሳት እያንዳንዱ ኪሎ ይታሰባል። ጎበዝ ባለሙያ አሮጌውን ሳያነሳ አዲስ ቀለም የማይደርበው ለዚህም ጭምር ነው፤ የተደረበው ከመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ይቀነሳል።