እም ብላ የቀረች ፓምፕ

ሸሪካት ውስጥ የቦቴ ጡሩምባ ሲሰማ ሰው ወደ ሮቶው ይሮጣል። ሰፈሩ ከጁባ ድልድይ ማዶ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር፣ ወደ ኒሙሌ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነው። ወንዙ ቅርብ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ግን ለብዙው ግቢ ሩቅ ነው። ስለዚህ ውሃው ከዓባይ ዳር በቦቴ ተጭኖ ይመጣል። በ1997 ዓ.ም. ከተፈረመው የሱዳን የሰላም ስምምነት በኋላ ወደ ጁባ የመጡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከሆቴልና ከምግብ ቤት ቀጥሎ የገቡበት ሥራ አንዱ ይኸው የውሃ ቦቴ ነው።

ቦቴው ውሃውን መሬት ላይ ካለው ሮቶ ውስጥ ገልብጦ ይሄዳል። ከዚያ በብረት ማማ ላይ ወደ ተሰቀለው ሮቶ የምታወጣው ሁለት ጡብ የምታህል ፓምፕ ናት። ሻወሩም፣ የሽንት ቤቱም፣ የወጥ ቤቱም ውሃ በእሷ እጅ ነው። እስክትበላሽ ድረስ ግን ማንም ዘወር ብሎ አያያትም።

ብዙውን ጊዜ ግማሽ የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 370 ዋት ገደማ ናት። ከኋላዋ ሞተሩና ማራገቢያው፣ ከፊቷ የብረት ራሷ አለ። የራሷን ብሎኖች ፈትታችሁ ክዳኑን ስታነሱ ከሻይ ብርጭቆ አፍ ብዙም የማይሰፋ የናስ ጎማ ታገኛላችሁ፤ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ነው። ጥርሶቹ ውሃውን እየዘገኑ ግድግዳው ላይ ይወረውሩታል። በጎማውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ከሚሊሜትር ያነሰ ነው። ትንሿ ፓምፕ ውሃ ከፎቅ በላይ የምታወጣው በዚህ ጥበት ነው፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ የምታስራትም በዚሁ ጥበት ነው።

ከጎማው ጀርባ ደግሞ «ሲል» የሚባለው የውሃ ማገጃ አለ። ሁለት ቀለበቶች ናቸው፤ አንዱ የካርቦን፣ አንዱ የሴራሚክ። ፊት ለፊት ተጣብቀው አንዱ ይዞራል፣ አንዱ ይቆማል። ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚያግዱት እነሱ ናቸው፤ እነሱን የሚያለሰልሳቸውና የሚያቀዘቅዛቸው ደግሞ ያው ውሃ ነው። ውሃ ከሌለ ድርቅ ብለው ይፋጫሉ። አንዷን በዚህ መንገድ የገደልኳት እኔ ነኝ። የታችኛው ሮቶ ባዶ መሆኑን ሳላይ ማብሪያውን ተጭኜ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። አቦሉን ጨርሼ ቶናው ሳይደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

ፓምፕ ውሃ ይስባል እንላለን እንጂ ውሃውን ከታች እስከ ፓምፗ ድረስ የሚገፋው አየሩ ነው። በመሳቢያው በኩል ፓምፗ የምታደርገው አፏ ላይ ክፍተት መፍጠር ብቻ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 550 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጁባ አየሩ ቢበዛ ወደ 10 ሜትር ግድም ቢገፋ ነው፤ በተግባር ከ6 ወይም 7 ሜትር በታች ያለ ውሃ አይወጣም። ጥልቅ ጉድጓድ ያለው ሰው ጠላቂ ፓምፕ የሚያወርደው ለዚህ ነው። የመሳቢያ ቧንቧው መገጣጠሚያ አየር ካስገባ ደግሞ ፓምፗ እየዞረች ውሃ አታመጣም፤ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው።

የዓባይ ውሃ ጠላቱ ደለል ነው። የጉድጓድ ውሃ ጠላቱ ሌላ ነው፤ ጁባ ውስጥ ጨዋማ ውሃ የሚወጣባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ ኖራውም አብሮ ይመጣል። የድሬዳዋ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት በየጊዜው ይፍቃልና። ስኳር በሙቅ ውሃ ይበልጥ ይሟሟል፣ ኖራ ግን ተቃራኒ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ተለይቶ ይጋገራል። ውሃ ውስጥ በሚነከረው ጠላቂ ፓምፕ ላይ ደግሞ ሙቁ ቦታ ሞተሩ ነው። ቅርፊቱ ሞተሩን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፣ ሞተሩ ይበልጥ ይሞቃል፣ ሙቀቱም ብዙ ቅርፊት ይጠራል።

ይህን ችግር ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ ሳይገርመኝ አልቀረም፣ የባሕር ዓሣና ኮራል በመስታወት ገንዳ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ኮራሉም አጥንቱን የሚሠራው በካልሲየም ነውና ገንዳው በካልሲየም የበለጸገ መሆን አለበት። ፓምፗ እዚያው ውሃ ውስጥ ተነክራ ሌት ተቀን ትዞራለች፤ ውስጧ በሚዞረው ማግኔት ላይ ነጭ ኖራ ይጋገራል። ከቆመች ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ዓሣውና ኮራሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እስክትበላሽ አይጠብቁም። በየጥቂት ወሩ ያወጧታል፤ ግማሽ አቼቶ ግማሽ ውሃ ውስጥ ለሰዓት ያህል ይዘፈዝፏታል፤ ማግኔቷን፣ ዘንጓንና ቀዳዳዋን በጥርስ ብሩሽ ፈትገው፣ አለቅልቀው ይመልሷታል።

ያው ዘዴ ለእኛዋም ይሠራል፤ ልዩነቱ የእኛዋ ሞተር ውሃ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ጀነሬተሩን ማን እንደሚያስነሳው አይታወቅም። ራሷ ይፈታል፤ የናሱ ጎማና ክዳኑ አቼቶ ውስጥ ይነከራሉ። አረፋ ካወጣ ኖራው እየተበላ ነው፤ አረፋው ሲበርድ ብሩሽ። አቼቶው ባለቀበት የሎሚ ጭማቂም ይሠራል። የብረቱን ራስ ግን ለረጅም ሰዓት መዘፍዘፍ አይገባም፣ ይዝጋል። የክዳኑ የላስቲክ ቀለበት (ኦሪንጉ) ከደረቀ ይቀየር። አንድ ነገር ግን በፍጹም አይደረግም፤ ሮቶ ለማጠብ ከቀረበ በረኪና ጋር አቼቶ አይቀላቀልም፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

የደለሉ መፍትሔ ከፓምፗ ውጭ ነው። ቦቴው ገልብጦ እንደሄደ ወዲያው አታስነሷት፤ ውሃው ይረጋ። የመሳቢያው ጫፍ ከሮቶው ወለል አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። በሱዳን በዓባይ ዳር ያሉ ሴቶች የደፈረሰ ውሃ በሞሪንጋ ፍሬ ዱቄት ሲያጠሩ ኖረዋል፤ እኛ ሽፈራው የምንለው ዛፍ ዘመድ ነው። ሮቶ ሙሉ ውሃ በዚያ ይጠራል ብዬ ግን አልዋሽም።

ሳትዞር ብዙ መቆየትም ፓምፗን ያስራታል። የግቢው ባለቤት ለፋሲካ አገር ቤት ሄዶ ሲመለስ ማብሪያውን ይጫናል፤ ፓምፗ «እም…» ትላለች እንጂ አትዞርም። ብዙ ሰው ሞተሩ ተቃጠለ ብሎ አዲስ ይገዛል። እም ማለቷ ግን መብራቱ እንደደረሳት ምልክት ነው፤ ደጋግሞ መሞከሩ ነው የሚያቃጥላት። ሶኬቱን ነቅላችሁ ከኋላ የማራገቢያውን ክዳን አንሡ። በብዙዎቹ ላይ የዘንጉ ጫፍ ለጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሚሆን ስንጥቅ አለው። ቀስ ብላችሁ ወዲህና ወዲያ አዙሩት። መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከዚያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ይለቃል፤ ዝገቱ ወይም ኖራው ነበር ጎማውን የያዘው። ከመጀመሪያውም በቀላሉ የሚዞር ከሆነ ግን ጥፋቱ ሞተሩን በሚያስነሳው ካፓሲተር ላይ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከአዲስ ፓምፕ እጅግ ይረክሳል። ለረጅም ጊዜ የሚሄድ ሰው ውሃውን ከራሷ አፍስሶ፣ ግቢ ለሚጠብቀው ልጅ በሳምንት አንዴ ዘንጉን ዞር እንዲያደርግ ይንገረው። ካቻቢቴዋን እዚያው ማማው ላይ በሽቦ ማሰር ነው።